የሃሪስ ቀኝ ጆሮ

ሥራዬ ሰው ማብረር ነበር። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን፣ በጡረታ መሥሪያ ቤቱ መስኮት የተቀመጠችው ወጣት የሙያዬን ዓይነት ስትጠይቀኝ እንዲሁ ብዬ መለስኩላት፤ ጣቶቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ ቀና ብላ አየችኝ። ሠዓሊ ነኝ ብል ኖሮ ነገሩ ባለቀ። ግን ሠዓሊ የሚለው ቃል እኔ ለሠራሁት ሥራ አንዳንዴ ይሰፋዋል፣ አንዳንዴ ይጠበዋል። ደህናውን ዕድሜዬን የጨረስኩት ስቶክሆልም ውስጥ፣ ከመሬት በታች ባለች አንዲት ክፍል ተቀምጬ፣ ለአሜሪካኖች የጀግና ኮሚክ፣ በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ ስሥል ነው፤ ካባ ለብሰው ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚበሩትን፣ ዝናብ እየወረደባቸው ጣራ ላይ ቆመው ከተማ የሚጠብቁትን። ልጅቷ ትንሽ ካሰበች በኋላ «ተክናረ» ብላ ጻፈች፤ በስዊድንኛ ነዳፊ እንደማለት ነው። ይሁን ብዬ ወጣሁ።

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ቀኖቼ ጠርዝ የላቸውም። በክረምት እዚህ አገር ነግቶ ሳይነጋ ይመሻል። ወደ ሮግስቬድ የሚወስደው አረንጓዴው ቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ከመሬት ወጥቶ በጫካና በፎቆች መሀል ሲሄድ፣ የፎቆቹ ጫፍ ከሰማዩ ጋር ይደባለቃል። እንዲህ ባለው ሰዓት በመስኮት ሳይ ጣራዎቹ ላይ ሰው የቆመ ይመስለኛል። አልደነግጥም፤ ስንቱን ራሴ ነኝ ያቆምኩት። አንዳንዴ የማላስታውሰው ሲገጥመኝ ብቻ፣ ይሄን ደግሞ መቼ ሣልኩት እላለሁ።

የጀመርኩት ግን በካባ ሳይሆን በክንፍ ነው። በልጅነቴ አዲስ አበባ ዳር፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሚሥሉ አንድ የኔታ ዘንድ ገብቼ ቀለም በመፍጨት ሥራ ተማርኩ። የኔታ ብዙ አይናገሩም። አቡጀዲውን በሙጫ ግድግዳው ላይ እንለጥፋለን፣ እሳቸው በከሰል ይነድፋሉ፣ እኛ እንቀባለን። ያስተማሩን ሕግ ጥቂት ነው፤ ከሁሉ አጥብቀው የያዙት የዐይኑን ነው። ጻድቅ ፊቱን ወደ ምእመኑ አዙሮ በሁለት ዐይኑ ያያል፤ ኃጥእና ሰይጣን ግን በጎን ነው የሚሣሉት፣ አንድ ዐይን ብቻ። ምክንያቱን የጠየቅናቸው ዕለት ቀና ሳይሉ «ሁለት ዐይን ከሰጠኸው ያይሃላ» አሉን። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀም። ሕጉ እጄ ውስጥ ገብቶ እንደቀረ ያወቅሁት ግን ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

ስዊድን የመጣሁት በስደት ነው። ስለ መንገዱ ሌሎች ከእኔ የተሻለ ስለጻፉ አልደግመውም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የተገኘውን እየሣልኩ ኖርኩ፤ ለአውቶቡሶች «በሩን አትደገፉ» የሚል ሥዕል፣ ለትምህርት ቤት የጥርስ አፋፋቅ፣ ሪንከቢ በምትባለው ሰፈር ላሉ ነጋዴዎች የሙዝና የማንጎ ማስታወቂያ። አደባባዩ ላይ የሣልኩት ማንጎ ለብዙ ዓመት ተሰቅሎ ቆይቷል። ልጄ ሰላም ትንሽ ሳለች በዚያ ባለፍን ቁጥር ለጓደኞቿ በስዊድንኛ የአባቴ ማንጎ እያለች ታሳይ ነበር። እኔም ከዚህ የበለጠ ዝና አልፈለግሁም።

ቢርጊታን ያገኘኋቸው በማታ የሥዕል ትምህርት ላይ ነው። ስዊድኖች አንቱ የሚባለውን ነገር ከተዉት ቆይተዋል፤ እኔም ፊት ለፊት ስናወራ በስማቸው ብቻ ነበር የምጠራቸው። በአማርኛ ሳስባቸው ግን አንቺ ለማለት አፌ እምቢ ይለኛል፤ ስለዚህ እዚህም አንቱ እንደተባሉ ይቆዩ። በዚያን ጊዜ ስድሳን አልፈው ነበር። ለአሜሪካ አሳታሚዎች ከስቶክሆልም ሆነው ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። በኮሚክ ሥራ አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፣ ሌላው በእርሳሱ ላይ በጥቁር ቀለም ይሄድበታል፤ ቢርጊታ የቀለሙ ሰው ነበሩ። በተማሪዎቹ መሀል ሲዘዋወሩ እኔ የሣልኩት መልአክ ላይ ቆሙና እግሩ የት እንደቆመ ጠየቁኝ። የሚቆም አይደለም አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው መሬቱን ፈለጉት፤ የለም። እኛ ጋ ቅዱሳን እግራቸው መሬት ቢነካም የቆሙ አይመስሉም፣ አየር ላይ ነው የሚኖሩት። ቢርጊታ ሣቁ። ሌሎቹ ተማሪዎቻቸው ሰው ከመሬት ማንሳት አቅቷቸው ሲታገሉ እኔ ጭራሽ ማውረድ እንዳልቻልኩ ተናገሩና፣ በሳምንቱ ወደ ሥራ ክፍላቸው ጋበዙኝ።

ክፍሏ ሮግስቬድ ውስጥ በአንድ ፎቅ ምድር ቤት፣ ከትቬትስቱጋው ማለትም ተከራዮች በተራ ልብስ ከሚያጥቡበት ክፍል ጎን ነበረች። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ የማጠቢያዎቹ ሆድ ይዞራል፤ የሳሙናው ሽታ ከቀለሙ ጋር ይደባለቃል። መስኮት የላትም። ከመሬት በታች ተቀምጠን ከደመና በላይ ያለውን እንሥላለን። እዚያ የቆየሁበት ዘመን ሁሉ፣ ዛሬ ሳስበው፣ ያንን የውሃ ድምፅ እየሰማሁ ያየሁት አንድ ረጅም ሕልም ይመስለኛል።

የቢርጊታ ልማድ ተነግሮ አያልቅም። ገጽ ሲጀምሩ ከጫማ ነው የሚጀምሩት፣ ፊት መጨረሻ ነው። በጫማው ላይ እጃቸው ይሟሟቃል፤ ፊቱ ጋ ሲደርሱ መፍራት ትቷል። የብሩሹን ጫፍ የሚያሾሉት በከንፈራቸው ነው፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከንፈራቸው ጥቁር ነው፣ እንዲያው ሆነው ወተት ሊገዙ ይወጣሉ። ያለቀውን ገጽ ዘቅዝቀው ያዩታል፤ ሲዘቀዘቅ ታሪኩ ይጠፋና ጥቁሩና ነጩ ብቻ ይቀራል፣ ገጹ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ያኔ ይታወቃል። ከሁሉ የፈራሁት ግን ቁራጭ ወረቀታቸውን ነው። የሣልኳቸውን ሰዎች ፊት በሷ ይሸፍኑና ይሄ ማነው ይሉኛል። ከአቋሙ፣ ከትከሻው፣ ከእጁ ካልታወቀ ያ ሰው ገና አልተሣለም ማለት ነው፤ ላጲስ አንሥቼ እመለሳለሁ። ጥሩ ነው የሚል ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ደስ ያላቸው እንደሆነ ገጹን ዝም ብለው ከሌሎቹ በላይ ያስቀምጡታል።

በረራንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ የሚበር ሰው ለመሣል መጀመሪያ ሰውየውን፣ ቀጥሎ ካባውን፣ ቀጥሎ ደመናውን እሠራ ነበር። እሳቸው መጀመሪያ ጥላውን መሬት ላይ አስቀምጥ አሉኝ። ጥላው መንገድ ላይ፣ በቆሙ መኪኖችና በሰው ባርኔጣ ላይ እየተጣጠፈ ይሄዳል፤ ሰውየው ገጹ ላይ ባይኖር እንኳ እንደሚበር ታውቃለህ። ከፍታ ማለት በእግሩና በጥላው መሀል ያለው ባዶ ወረቀት ነው። እጥፋቱን ግን እኔ አሳየኋቸው፤ ካባ ከትከሻ ሲወርድ እንዴት እንደሚታጠፍ ከየኔታ ስለተማርኩ በዚያ አልታማም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ አሜሪካ ያለው አሳታሚ ለወርኃዊ መጽሐፉ አዲስ ነዳፊ ሲፈልግ፣ ቢርጊታ የኔን ገጾች ላኩ። ዳግ የሚባል አዘጋጅ ደወለልኝ። እንግሊዝኛው ስለሚሮጥ ግማሹን እየገመትኩ እሺ አልኩት። የተሰጠን ጀግና ስሙ በአማርኛ ቢመለስ «የጣራው ዘበኛ» ነው። በእንግሊዝኛ ያስፈራል፤ በአማርኛ ሲባል ግን ካፖርት ደርቦ በር ላይ የሚያንቀላፋ ሰው ነው የሚመስለው። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁኝ ሰዎች ዘበኛህ እንዴት ነው፣ ደመወዝ ጨመሩለት ወይ እያሉ ይቀልዱብኛል። ክፍያው በገጽ ነበር፣ ኪራዩን ይችላል፤ የግብር መሥሪያ ቤቱ ብቻ የሙያዬን ነገር ለመረዳት ትንሽ ተቸግሮ ነበር።

ዘበኛው የሚጠብቃትን የአሜሪካ ከተማ አይቻት አላውቅም። ስለዚህ ካየሁት ሠራኋት። ጣራዎቿ የስቶክሆልሙ ሰፈር የሶደርማልም ናቸው፣ ደረጃዎቿ የአራት ኪሎ፣ ድልድዮቿ ሐይቁ ላይ ጉም ሲወርድ የማያቸው። ዋሻዎቿን ከሰማያዊው ቱነልባና ወሰድኩ፤ ዓለቱ እንዳለ የተተወባቸውን ጣቢያዎች። አንድ አሜሪካዊ አንባቢ እዚያ መንገድ ላይ ተወልጄ አድጌአለሁ ብሎ ጻፈልን፤ እኔና ቢርጊታ ፊካ ላይ፣ ማለት በቡና ዕረፍታችን፣ ሣቅን። ደስተኛ ነበርኩ። ጠዋት ስነሣ የምሄድበትን የማውቀው ከተማ ያ ነበር፣ ስቶክሆልምን በመንገዴ ላይ ብቻ ነበር የማያት።

ጌታሁን ስቶክሆልም የመጣው በእነዚያ ደግ ዓመታት መሀል ነው። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ከፊቴ ባለው ረድፍ፣ ወደ ቀኜ ፈንጠር ብሎ ቆሞ አየሁት። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ጆሮውን ግን አወቅኋት፤ የግራ ጆሮው ጫፏ የተሸረፈች ናት፣ ልጆች ሳለን የመሰላል ሚስማር የቀደዳት። ጌታሁን በየኔታ ዘንድ አብሮኝ ቀለም የፈጨ፣ ከአንድ ትሪ የበላ ሰው ነው። የኔታ አርጅተው እጃቸው ሲደክም የእመቤታችንን ፊት እንድሠራ ለእኔ ሰጡኝ፤ ለወጣት የማይሰጥ ክብር ነበር። ሥዕሉ አልቆ ብዙም ሳይቆይ ጌታሁን ወደ ደብሩ ገበዝ ሄዶ፣ ይህ ፊት ከበሩ ማዶ ጠላ የምትሸጠው ሴት ፊት ነው ብሎ ነገራቸው። እኔ ሴትዮዋን ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም። ማን ይስማኝ? ሥዕሉ በኖራ ተለሰነ፣ እኔ ተባረርኩ፣ ከዚያ ወዲያ የትኛውም ደብር አላስጠጋኝም። ንዴቴ ሲበርድ ጠላ ቤቱ ሄጄ ሴትዮዋን አየኋት። እውነት ለመናገር ሥዕሉን ትንሽ ትመስለዋለች። ይህም ጨምሮ አናደደኝ።

ስቶክሆልም ላይ አልተጣላንም። እንደምን ሰነበትክ ይለኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን እለዋለሁ፣ ለትከሻው። ፊቱን አላይም። እሱ ሥዕሉን አልተወውም ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል እየሠራ ይሰጣል፣ ሰው ይመርቀዋል። የእጁን ሥራ ላለማየት ዐይኔን ወለሉ ላይ ተክዬ ነበር የምጸልየው፤ ሰው ግን ትሕትና መሰለው። ቄሱ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከውብኛል። ከማንም ጋር አልተጣላሁም፣ በምን ታስታርቁኛላችሁ ብዬ ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋቸው። እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ።

አሁን ወደ ሃሪስ ልምጣ። ሃሪስ የዘበኛው ጓደኛ ነው፤ ሐኪም ነው፣ ዘበኛው ቆስሎ ሲመጣ በሩን ከፍቶ ቁስሉን የሚሰፋለት፣ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ብቸኛ ሰው። ዳግ የዓመቱን ታሪክ በስልክ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዘበኛውን ለጠላቶቹ አሳልፎ የሚሰጠው ሃሪስ ነው። ይህ የሚገለጠው በመጨረሻው እትም ነው፣ እስከዚያ አንባቢው ሃሪስን እንዲወደው ይፈለጋል፣ ለማንም እንዳትናገር አለኝ። ለልጄ እንኳ አልነገርኩም። ቢርጊታ ደግሞ መጨረሻውን አስቀድመው ማወቅ አይወዱም፤ የመጣላቸውን ገጽ ብቻ ነው የሚሠሩት።

ሃሪስን በፍቅር ነው የሠራሁት። እጁን የየኔታን እጅ አደረግሁለት፣ ረጅምና ጠንቃቃ። አንድ ቀን ፊካ ላይ ቢርጊታ ብሩሻቸውን ከከንፈራቸው አውጥተው «የዚህን ሰው ቀኝ ጆሮ አይቼው አላውቅም» አሉኝ። ሐኪም ነው፣ ሁልጊዜ ወደ መሣሪያዎቹ ይዞራል ብዬ መለስኩላቸው። ትከሻቸውን ነቅንቀው ወደሚሥሉት ጫማ ተመለሱ። እኔም ነገሩን ረሳሁት።

የመጨረሻው እትም ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ሰላም ኮምፒውተሯን ይዛ ወደ ሥራ ክፍላችን መጣች። ሰላም ያኔ ሥራ ይዛ ራሷን ችላለች። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች፤ እንዲሁ ነው የኖርነው። አሜሪካኖች ስለ ኮሚክ የሚያወሩበትን ገጽ ከፍታ አሳየችኝ። አንድ አንባቢ ሃሪስ የታየባቸውን ሥዕሎች ሁሉ ቆርጦ በረድፍ ደርድሯል። ሁሉም በጎን ናቸው፣ ሁሉም አንድ ዐይን። ከሥሩ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ የሣልኳቸውን ክፉ ሰዎች ደርድሯል፣ ሌባውን፣ መርዝ ቀማሚውን፣ ጉቦ በሊታውን ዳኛ። እነሱም ሁሉም በጎን፣ ሁሉም አንድ ዐይን። ይህ ነዳፊ ክፉ ሰው ፊት ለፊት ሥሎ አያውቅም፣ ስለዚህ ሃሪስ ከእነሱ ወገን ነው ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ብዙ ሰው እውነት ነው እያለ ይጮኻል።

ሰላም ሆን ብዬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከየኔታ ተለይቼ፣ አገር ለቅቄ፣ ሃይማኖቱን ከማያውቁ ሰዎች መሀል ተቀምጬ፣ ካባ የለበሰ ፈረንጅ እየሣልኩ፣ ለካ እጄ ሕጉን ሲጠብቅ ኖሯል። የዓመቱን ምሥጢር ለዓለም ሁሉ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ። አፈርኩም፣ ደግሞ ደነቀኝም።

ዳግ ሲደውል ያ የሚሮጠው እንግሊዝኛው ቀስ ብሎ ነበር። ለማን ነገርክ አለኝ። ለማንም አልኩት። ታዲያ ከየት አወቁ? በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስለ የኔታ፣ ስለ ጻድቁና ስለ ኃጥኡ ዐይን ነገርኩት። አልሣቀብኝም፣ ይመነኝ አይመነኝ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ሥራውን አስረዳኝ። ምሥጢሩ ስለጠፋ መጽሐፉ የሚድነው በመጨረሻው ገጽ ብቻ ነው። ገጹ ላይ አንድ ሥዕል ብቻ አለ፤ ሃሪስ ተይዞ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንባቢውን ቀጥ ብሎ ያያል። ከሃዲ መሆኑን አስቀድሞ የሰማ ሰው ሁሉ አይቶት እንዳይጠላው መሆን አለበት። ይህ ገጽ ካልተሳካ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ዘበኛውን ሌላ ሰው ይሥለዋል አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ከተማዬን ልቀማ እንደሆነ ገባኝ።

ያንን ገጽ ስንት ጊዜ ቀድጄ እንደጣልኩ አላውቅም። ፊቱን ወደ እኛ አዙሬ ሁለት ዐይን ስሰጠው ሃሪስ ቅዱስ ይሆናል፤ ምንም ያላጠፋ፣ ክንፍ ብቻ የጎደለው። ጥፋቱን ላሳይ ብል ደግሞ አንገቱ በራሱ ጊዜ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ይቅር የማይባልን ሰው ፊት ለፊት መሣል አላውቅበትም ነበር። ቢርጊታ ቁራጭ ወረቀታቸውን ፊቱ ላይ አድርገው አዩት፣ አነሡና ደግሞ አዩት። ሰውነቱ ይሸሻል፣ ፊቱ ይመርቃል፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው አሉ። ከዚያ አሮጌዎቹን ገጾች አውጥተው ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ» አሉኝ። «ይቺን ጆሮ ከልብህ አልፈጠርካትም። ሄደህ ቀሪውን እየው።»

ያሳዩኝ የሃሪስን የግራ ጆሮ ነው። ጫፏ የተሸረፈች ናት። በየወሩ ሣልኳት፣ በየወሩ ቢርጊታ ቀለም አስገቡባት፣ እኔ ግን የማን እንደሆነች ልብ አላልኩም።

ዕቃዬን ይዤ ወደ ሐይቁ ወጣሁ። ውሃው በረዶ ሆኗል፤ በላዩ ሰዎች ከሩቅ እንደ ነጠብጣብ ይሄዳሉ፣ ጥላ እንኳ የላቸውም። እየተራመድኩ ስለዚያች ጠላ ሻጭ አሰብኩ። እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ምሥጢር ካወጣ፣ እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ጆሮ ከሰረቀ፣ ያኔስ? በየቀኑ በበሯ ሳልፍ ዐይኔ ያላያትን እጄ አይቷት ቢሆንስ? ጌታሁን ክፉ አስቦ ነው ወደ ገበዙ የሄደው፤ ግድግዳውን ለራሱ ፈልጎ ነው፤ ይህን አልጠራጠርም። ያየው ነገር ግን እውነት ሊሆን ይችላል። ይህ ሐሳብ ከንዴቴ በላይ ከበደኝ።

ያ ገጽ ታተመ። ዳግ ሲደርሰው ደውሎ «እሱ ነው» ብቻ አለኝ፣ ቢርጊታም ከሌሎቹ ገጾች በላይ አስቀምጠውት ነበር። ዘበኛውን ከዚያ በኋላም እጄ መንቀጥቀጥ እስኪጀምርና ሥራው ሁሉ ወደ ኮምፒውተር እስኪዞር ድረስ ሣልኩት። ቢርጊታ ወደ ሰሜን፣ እህታቸው ዘንድ ሄዱ፤ የሥራ ክፍላችንን የብስክሌት ማስቀመጫ አደረጉት። ዛሬም የድሮ ኮሚክ የሚሰበስቡ ወጣቶች አንዳንዴ ፈልገው ያገኙኝና ያንን ሥዕል እንዴት እንደሠራሁት ይጠይቁኛል። ስለ ብርሃኑና ስለ ጥላው ነግሬ እሸኛቸዋለሁ። የሆነው ግን እንዲህ ነው።

ያን ዕለት ከሐይቁ ተነሥቼ በቀዩ ቱነልባና ሃሉንዳ ወረድኩ። የጌታሁንን ቤት ያሳየኝ ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹ የሚኖርበትን በነገሩኝ ጊዜ ሳላስበው ይዤው ኖሯል። በሩን ራሱ ከፈተ። ብቻውን ነው የሚኖረው። ደረቱን እያየሁ ለሥራዬ ልሥለው እንደመጣሁ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። ግባ አለኝ፣ ቀለም ከተከመረበት ወንበር ላይ ዕቃውን አነሣ፣ መስኮቱ አጠገብ አስጠጋው። እኔ ሌላ ወንበር ስቤ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እርሳሴን ሳወጣ እሱ ተቀመጠ። ቀና ስል በጎን ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ የተሸረፈች ጆሮውን ወደ እኔ አድርጎ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አኑሮ ይጠብቀኛል።

«እንዲህ ይበቃል?» አለኝ።

የዚያን አቀማመጥ ትርጉም በዚያ ከተማ ከእኔ ሌላ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ማንም ሳያዘው ራሱን ከኃጥአን ወገን አስቀምጧል። ስንት ዓመት እኔ ስፈርድበት ኖሬ፣ እሱ ከእኔ በፊት ፈርዶ ጨርሶ ነበር።

«ጌታሁን፣ ወደ እኔ ዙር» አልኩት።

«የኔታ ይቆጣሉ» አለ፣ ግድግዳውን እያየ።

«ግድ የለም፣ ዙር።»

ዞረ። እኔ የተቀየምኩት አንድ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጥርሱ የሚያምር ልጅ ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ነው። ዐይኖቹ ሥር ቆዳው ወርዷል፣ ቅንድቡ ነጥቷል፣ ሊያየኝ ፈልጎ ደግሞ ይፈራል። ያንን ነበር የማላውቀው። ፈርቶ የሚያይን ሰው ፊት አይቼ ስለማላውቅ ነው ሃሪስ ያቃተኝ። መሣል ጀመርኩ።

ከትንሽ በኋላ፣ ከንፈሩ ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ ኖራውን እንዲቀባ ገበዙ ያዘዙት እሱን እንደነበር ነገረኝ። አንተ ነህ ያየኸው፣ አንተው አጥፋው ብለውታል። የእመቤታችንን ልብስም፣ እጇንም፣ ሕፃኑንም ሸፈነ፤ ፊቷ ላይ ሲደርስ ከመሰላሉ ወርዶ አለቀሰ፣ ወጥቶም ጨረሰው።

«ከዚያ ወዲህ እመቤታችንን በሣልኩ ቁጥር የምትመጣልኝ ያቺው ያንተ ናት» አለኝ። «ሌላ ፊት ብሞክር እምቢ አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ስትቆም ታያታለህ ብዬ ሁልጊዜ እጠብቅ ነበር። አንተ ግን ቀና አትልም።»

ከኋላው፣ ማቆሚያው ላይ፣ ቀለሟ ያልደረቀ አንዲት ሥዕል ነበረች። ስገባ አላየኋትም፤ የሱን ሥዕል አለማየት ለምጃለሁ። አሁን አየኋት። ግንባሯ፣ ትንሽ ዘንበል ያለው አንገቷ፣ እነዚያ የኔታ ያኔ በጣም ተልቀዋል ብለው የተናገሩኝ ዐይኖቿ። በሃያ ዓመቴ የሣልኳት ናት፣ ምንም አልጎደለባትም።

ጌታሁን ሊነሣ ሲል አትንቀሳቀስ አልኩት። እንዳለ ቀረ። የተንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ፤ ወንበሬን አንሥቼ ወደ እሱ አስጠጋሁ።